ሥራ ሲርቀን ወኔ እንዳይርቀን፦ ከገዳሪፍ እስከ መተማ ለምንኖር ወገኖች ማሳሰቢያ

በገዳሪፍ ከተማ፣ በዶካ፣ በገላባትና ከድንበሩ ማዶ በመተማ ዮሐንስ፣ ቋሚ ሥራ ካጣ ዓመት ያለፈው ሰው የሌለበት ግቢ ማግኘት ከባድ ሆኗል። አንዱ ከካርቱም ሸሽቶ የመጣ አናጺ ነው። አንዷ ከኅዳር 2013 ጀምሮ በኡም ራኩባ መጠለያ የተቀመጠች መምህርት ናት። ሌላው ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ መመለሻው መንገድ የተዘጋበት ወጣት ነው። ባዕድ አይደሉም፤ ጎረቤቶቻችን፣ እህት ወንድሞቻችን ናቸው፤ ከመካከላችንም ይህ ዕጣ የደረሰን ብዙ ነን።

ሥራው የጠፋው በማንም ስንፍና እንዳልሆነ አስቀድመን እንስማማ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ሕዝቡ ወደ ምሥራቅ ፈለሰ። በታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ፣ በሰኔ 2016 ደግሞ ሲንጃ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ሲወድቁ፣ የተፈናቀለው ሰው ብዛት እየጨመረ ገዳሪፍ ላይ አረፈ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ጡብ ለመሸከም አንድ ሰው በሚፈለግበት ቦታ የካርቱሙ መሐንዲስ፣ የሲንጃው ገበሬና የእኛ ልጅ አብረው መሰለፍ ጀመሩ። በነሐሴ 2016 መጨረሻ የገላባት በር ሲዘጋ ደግሞ በሁለቱም ወገን የጫኝና አውራጁ፣ የምግብ ቤቱና የመንዛሪው ገቢ ተቋረጠ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሥራ ያጣ ጎረቤቱን "አንተስ ምን ነካህ?" ብሎ አይጠይቅም።

የዚህ ማሳሰቢያ ሐሳብ አንድ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራ ያጣ ሰው ወኔውን ብቻውን ጠብቆ መቆየት አይችልም። አብረነው የምንኖር ሰዎች የምንናገረው፣ የምንጠይቀው፣ የምንከፍለውና የምንነፍገው ነገር ወይ ያቆመዋል ወይ ይጥለዋል። አንድ ወጣት ተስፋ ሲቆርጥ ጉዳቱ በእሱ አያበቃም፤ ክፍል የተጋራው ጓደኛው የሁለት ሰው ኪራይ ይከፍላል፣ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ይገባል፣ ታናሽ ወንድሙም ከደላላ ጋር መነጋገር ይጀምራል።

ቀናችንን መልክ ስለማስያዝ

እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ በኦስትሪያ ማሪየንታል በምትባል ትንሽ መንደር የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተዘጋና መንደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ሕዝቡ መሐል ገብተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1933 በመጽሐፍ አወጡ። ያገኙት ነገር ለእኛም ትልቅ ትምህርት አለው። ሰዉ ጊዜ ተርፎት ሳለ ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚዋሰው መጽሐፍ ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ እርምጃቸው ዘገየ፣ ደጋግመው ይቆሙ ነበር፤ ብዙዎቹ ሰዓት መያዝ ትተዋል። ሴቶቹ ግን የቤቱ ሥራ አላቆመምና ቀኑ መልክ ነበረው። ሥራ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለቀኑም ሥርዓት ይሰጣል፤ ሥራው ሲሄድ ሥርዓቱን አብረን እንድንለቀው እንፈተናለን። ገዳሪፍም ላይ ከረፋድ በኋላ በየጥላው የምናየው ይኸው ነው።

እናድርግ፦

– ሥራ ኖረም አልኖረም በተለመደው ሰዓት እንነሳ፤ እስከ ረፋድ የሚተኛ ታላቅ ካለ ታናሹም ይለምደዋል።

– ወደ ቀን ሠራተኛ መቆሚያው ስንሄድ ሁለት ሦስት ሆነን እንሂድ፤ ያልተመረጠው ሰው ብቻውን ከመመለስ ይድናል።

– ከረፋድ በኋላ ላለው ጊዜ ከዋዜማው አንድ የተወሰነ ነገር እንያዝ፤ ውኃ መቅዳት፣ የታመመ መጠየቅ፣ ልጅ ማስጠናት ሁሉ ለሌላ ሰው የሚተርፍ ሥራ ነው።

– እሑድን፣ ዓርብን፣ በዓልን ከሌላው ቀን እንለይ፤ ሁሉም ቀን አንድ ዓይነት ሲሆን ሳምንቱ ሳናውቀው ያልፋል።

– ንጽሕናችንንና ልብሳችንን እንጠብቅ፤ አሠሪ የሚያየው መጀመሪያ እሱን ነው፣ ልጆቻችንም የሚያነቡት ፊታችንን ነው።

እንተው፦

– ሌሊቱን በስልክ፣ ቀኑን በእንቅልፍ ማሳለፍን እንተው፤ ሥራ የሚከፋፈለው ማለዳ ነው።

– ሺሻና ቁማር ቤት መዋልን እንተው፤ ያለቀችውን ሳንቲም የሚሞላው አብሮን የሚኖረው ሰው ነው።

– የጦርነቱን ወሬ ከጠዋት እስከ ማታ መከታተልን እንተው፤ የመንገዱን ደኅንነት አንድ ጊዜ ከሰማን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የምንለውጠው የለም፣ ልብ ግን ያደክማል።

ስልካችንን ስለመክፈት

እዚህ ላይ ጥቂት ረዘም አድርገን እንናገር፤ ብዙ ቤት የተሰበረው በዚህ ነውና።

ሥራ ያጣ ልጅ "ለእናትህ ደውል እንጂ" ሲባል የሚመልሰው "ምን ይዤ?" የሚል ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ድምፁም ዋጋ የሌለው ይመስለዋል። መጀመሪያ አንድ ወር ይዘላል፣ ከዚያ ሦስት ወር፣ ከዚያ ሲምካርዱን ይለውጣል። አገር ቤት ያሉት ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነት እንዳለ ያውቃሉ። ስልኩ የማይሠራ ልጅ በጦርነት አገር ምን ሆነ ይባላል? ልጁ ገዳሪፍ ገበያ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ፣ እናቱ ግን ነጠላ አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። እሱም የራሱ መርዶ ለቤተሰቡ መነገሩን ሰምቶ በሕይወት አለሁ ለማለት እንኳ ያፍራል። ይህ እንዳይሆን ማድረግ ከባድ አይደለም፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

እናድርግ፦

– ባዶ እጃችንንም ቢሆን በወር አንዴ እንደውል፤ "ደኅና ነኝ፣ ሥራ ገና ነው" የሚል ቃል ለእናት ከብር ይበልጣል።

– ስልክ የሌለው ጎረቤት በእኛ ስልክ እንዲደውል እንፍቀድለት፤ ሳይጠይቀን ቀድመን እንስጠው፣ መጠየቁ ያሳፍረዋልና።

– አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦች መጀመሪያ "ጤናህ እንዴት ነው?" በሉ፤ "ብሩስ?" የሚለው ቃል ቀድሞ ከመጣ ልጁ ቀጣዩን ስልክ አያነሳም።

– እውነቱን እንንገራቸው፤ ሥራ እንዳለን ካስመሰልን ቤተሰብ በሌለ ገንዘብ ተማምኖ ይበደራል።

እንተው፦

– የሌላ ሰውን ልጅ ማነጻጸሪያ ማድረግን እንተው፤ "የእገሌ ልጅ ቤት ሠራላቸው" የሚለው ወሬ ብዙ ወጣቶችን ወደ ሊቢያ መንገድ አስወጥቷል።

– ተበድረን መላክን እንተው፤ የዛሬ ደስታቸው የነገ ዕዳችን ሆኖ መልሶ ይመጣባቸዋል።

– "ባዶ እጄን አልመለስም" የሚለውን ቃል ለወጣቱ እንደ ጀግንነት አድርገን ማወደስን እንተው፤ መመለስ ለሚፈልግና መመለስ ለሚችል ሰው በሩን የሚዘጋበት ይኸው ቃል ነው።

– የተመለሰውን ሰው "ምን አመጣህ?" ብለን መቀበልን እንተው፤ ጦርነት ካለበት አገር በእግሩ የመጣ ሰው ነፍሱን አምጥቷል።

ሙያችን እንዳይዝግ

በሰፈራችን አንድ አናጺ አለ። ከካርቱም ሲወጣ ከዕቃው ሁሉ ያተረፈው አንድ ሜትር፣ አንድ መዶሻና አንድ መሮ ነው። ሥራ በሌለው ሳምንት መሮውን ይስላል፣ የጎረቤት በር ማጠፊያ ያጠብቃል፣ የተሰበረ የወንበር እግር ይተካል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ "እጄ እንዳይረሳ" ይላል። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ የሱቁን መደርደሪያ እንዲሠራለት የጠራው አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት ዘንድ ቁጭ ብሎ ሳለ ያንን የተተካ የወንበር እግር አይቶ ነው። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም፤ ወራት አልፎም ማንም ላይጠራ ይችላል። ያም ሆኖ የሠፈሩ በሮች ይዘጋሉ፣ ወንበሮቹም ቆመዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ የሚሻ ሰው የሐምዳየትን ክሊኒክ ያስታውስ። ዶክተር ቴዎድሮስ ተፈራ በጥቅምትና ኅዳር 2013 ከሑመራ ከሸሹት አንዱ ነበሩ። ተከዜን የተሻገሩት እንደማንኛውም ስደተኛ ቢሆንም ድንበሩ ላይ ባለችው ሐምዳየት እንደሳቸው የሸሹትን ሰዎች ማከም ቀጠሉ። በኡም ራኩባና በቱነይድባም መጠለያዎች ጥቂት ወራት ሳይሞላቸው ፀጉር ቤት፣ ሻይ ቤትና ልብስ ሰፊ ታይቷል።

እናድርግ፦

– መሣሪያችንን እንጠብቅ እንጂ አንሽጠው፤ የተሸጠ መዶሻ የአንድ ቀን ምሳ ነው፣ የተያዘ መዶሻ ግን ሥራ ሲመጣ ሁለት ሰው ያበላል።

– ዓረብኛ እንማር፤ የምናውቅ ለማያውቀው በማታ እናስተምር፤ ቋንቋ የማያውቅ ሠራተኛ ክፍያውን የሚሰማው ከደላላ አፍ ነው።

– መምህራን ልጆችን ሰብስበን እናስተምር፤ ሁለት ዓመት ከትምህርት የራቀ ልጅ ነገ ከእኛ ጋር ለቀን ሥራ የሚሰለፍ ነው።

– የእርሻውን ወቅት አስቀድመን እንዘጋጅበት፤ ሥራ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው፣ የሚሄደውም በአንድ ጊዜ።

ስለ መጨረሻው ነጥብ ጥቂት እንበል፤ አዲስ ለመጡት ይጠቅማቸዋልና። በገዳሪፍ ሜዳም ሆነ በመተማ እርሻ ዝናቡ በሰኔ ይጀምራል፣ ዘሩ እስከ ሐምሌ ይዘራል፣ በነሐሴ አረም ነው። ሰሊጥ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ይታጨዳል። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ከዘገየ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል፤ ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው ክምር መቆም አለበት። የጉልበት ዋጋ ከፍ የሚለውም ያን ጊዜ ነው። ማሽላው ከኅዳር በኋላ ይከተላል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ግን የእርሻ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። እነዚያን ወራት እንደ ግል ውድቀት የሚቆጥር ሰው በየዓመቱ ተስፋ ይቆርጣል። አካባቢው ሁሉ ሥራ የሚያጣባቸው ወራት ናቸው፤ ከመኸሩ ላይ ለእነሱ ጥቂት እናስቀምጥ።

እንተው፦

– "ይህ የእኔ ሥራ አይደለም" ማለትን እንተው፤ መሐንዲሱ ጡብ ቢሸከም ዲግሪው አይቀነስም።

– ጡብ የሚሸከመውን መሐንዲስ እያየን መሳቅን ደግሞ አብልጠን እንተው፤ ነገ ለሥራ እንዳይመጣ የምናደርገው እኛ ነን።

– ከሌላው በታች ዋጋ ጠርተን ሥራ መንጠቅን እንተው፤ ዛሬ የወረደ ዋጋ ነገ የሁላችን ዋጋ ይሆናል።

ጤናችን

ሥራ ያጣ ሰው ገላውን ችላ ይላል፣ ሥራ ሲያገኝ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። ሁለቱም አብረውት የሚተኙትን ይጎዳሉ። ይህንንም በመስከረም 2016 በገዳሪፍ ኮሌራ ሲከሰት አይተነዋል።

እናድርግ፦

– እርሻ ላይ ስናድር የተነከረ አጎበር እንጠቀም፤ ከመሸ በኋላ በግራር ሥርና በተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ መተኛት ካላዛር ለሚባለው በሽታ ያጋልጣል።

– ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የሆድ ማበጥ ካየን ወዲያው ወደ ሕክምና እንውሰድ፤ ካላዛር ካልታከመ ይገድላል፣ በወባ መድኃኒትም አይድንም።

– ለሕክምና ተሻግሮ ጎንደር መድረስ የሚችለውን እንርዳው፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይህን በሽታ ለይቶ ያክማል።

– ውኃ እናፍላ ወይም በክሎሪን እናክም፤ አንድ ቤት የገባ ኮሌራ ግቢውን ያዳርሳል።

እንተው፦

– "ወባ ነው ያልፋል" ማለትን እንተው፤ ያለፈው ጊዜ ጣፊያውን ያሳብጠዋል።

– ሐዘንን በአረቄ ማስረሳትን እንተው፤ ጠዋት ላይ ሐዘኑ አለ፣ የቀን ገቢው ግን የለም።

ሴቶቻችን

ሴት ልጅ ሥራ ስታጣ "ቤት ነች" ይባላል፤ ሥራ ማጣቷ አይቆጠርም። ገዳሪፍ ላይ ግን ብዙ ቤት የቆመው ሻይና ቡና በምታፈላ፣ ሰው ቤት በምትሠራ እህት ነው። በጥቂት የመቀመጫ በንበር፣ በአንድ የከሰል ካኑንና በአንድ ጀበና ኪራይ ትከፍላለች። ቦታዋ ሲነሳባት ወይም ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ መጥቶ ዕቃዋ ሲወሰድባት በአንድ ቀን ሥራ አጥ ትሆናለች፤ ያን ቀን ማንም "በርቺ" አይላትም።

– የተወሰደባትን ካኑንና ጀበና ተዋጥተን እንተካላት፤ ከእሷ ገቢ የሚበሉት ልጆች ብቻ አይደሉም።

– ሥራ ያጣ ባል ልጅ ይያዝ፣ ውኃ ይቅዳ፤ የእሷ ቀን ሲቀል የቤቱ ገቢ ይጨምራል፣ የእሱም ቀን ባዶ አይሆንም።

– በዱቤ ጠጥተን መጥፋትን እንተው፤ የእኛ አሥር ስኒ የእሷ የነገ ስኳር ነው።

– ሰው ቤት ተቀጥራ ደመወዝ የተከለከለችን እህት "ዝም በይ" ማለትን እንተው፤ ዝም ያለችበት ቤት ነገ ሌላዋን ይቀጥራል።

ዕዳና ዕቁብ

– ዕቁባችንን አነስተኛ አድርገን እናቆየው፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ሰንዱቅ ብለው የሚጥሉት ተመሳሳይ ነገር ነውና አብረን መጣል እንችላለን።

– ሥራ ያጣን ዕቁበኛ አናስወጣ፣ ተራውን እናዘግይለት፤ የወጣ ሰው ከገንዘቡ በላይ የሚያጣው ሰው ነው።

– ባንካክ በሚባለው የስልክ ባንክ ገንዘብ የሚቀበልልን ወዳጅ ካለ ሒሳቡን በዚያው ቀን እንተሳሰብ፤ ክርክር አንዴ ከገባ ሌላውም ሰው የሚቀበልለት ያጣል።

– በመኸር ይከፈላል ተብሎ በወለድ መበደርን እንተው፤ ሰሊጡ ሳይታጨድ ደመወዙ ያልቃል።

– ጎረቤት ስንረዳ ሕዝብ ፊት አናድርገው፤ የተረዳበትን ቀን እንጂ የተዋረደበትን ቀን የሚረሳ የለም።

ደላላና ወረቀት

ረጅም ሥራ አጥነት ያደከመው ሰው ለመስማት የሚፈልገውን የሚነግረው ሰው አያጣም። ከአሥር ዓመት በፊት ከምሥራቅ ሱዳን እየተጠለፉ ወደ ሲና በረሃ የተወሰዱትን ኤርትራውያን ወንድሞቻችንን፣ ከዚያ ወዲህም በሊቢያ በኒ ወሊድ ታግተው ቤተሰባቸው መሬት ሸጦ ያስለቀቃቸውን ብዙዎች እናውቃለን። "መጀመሪያ ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ" የሚለው ቃል ዛሬም ይሰማል። ለሥራ ፈላጊ ደግነት ይመስለዋል፤ የሚከፍለው ግን ቤተሰቡ ነው።

እናድርግ፦

– ሥራ ተገኘልህ ሲባል የት፣ ለማን፣ በስንት ብለን ከሁለት ሰው ፊት እንጠይቅ፤ እውነተኛ አሠሪ ምስክር አይፈራም።

– ስንሄድ የምንሄድበትን ቦታና የሚወስደንን ሰው ስልክ ለጎረቤት እንተው፤ የጠፋ ሰው የሚፈለገው ከዚያ ተነስቶ ነው።

– የስደተኛ መታወቂያችንንና ከመጠለያ መውጫ ፈቃዳችንን በጊዜው እናሳድስ፤ ሱዳን ስለ ስደተኛ በነፃነት መንቀሳቀስ በሚናገረው እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 26 ላይ ተዓቅቦ ስላደረገች ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ የተያዘ ሰው ሊታሰር ይችላል።

– ከዚያ ማዶ መተማ ያላችሁ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በኢትዮጵያ የመሥራት መብት እንዳለው ለሱዳናውያን ጎረቤቶቻችሁ ንገሯቸው፤ መብቱን የማያውቅ ሰው በግማሽ ዋጋ ይሠራል።

እንተው፦

– ፓስፖርትና መታወቂያ ለደላላ ማስያዝን እንተው፤ ወረቀቱ የተያዘ ሰው ራሱም ተይዟል።

– ወንድማችንን ከደላላ ጋር በኮሚሽን ማገናኘትን እንተው፤ ያቺን ትንሽ ገንዘብ ቤተሰቡ በመቶ እጥፍ ይከፍላታል።

– ለገንዘብ ብለን የማናችንም ባልሆነ ጦርነት ጠመንጃ መያዝን እንተው፤ አንድ ሐበሻ የያዘው ጠመንጃ ባዶ እጁን በሚሄደው ሐበሻ ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ያመጣል።

ሥራ ያለን ሰዎች

እስካሁን ያልነው በአብዛኛው ለሥራ ፈላጊው ነበር። ሱቅ ያለን፣ ምግብ ቤት የከፈትን፣ እርሻ የተከራየን፣ በአንድ ድርጅት ተቀጥረን ደመወዝ የምናገኝ ወገኖች ግን የበለጠው ድርሻ የእኛ ነው ብለን እናምናለን። ሁላችንም ቅን ነን፤ ብዙ ጊዜ የምንጎዳው ሳናስብ ነው። አንድ ሰው "ቅዳሜ ና፣ ሥራ አለ" ስንለው እሱ ያንን ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ይኖርበታል። ሸሚዙን ያጥባል፣ አከራዩን ቀን እንዲሰጠው ይጠይቃል፣ ለሚስቱ ይነግራል። እኛ ረስተን በሩን ዘግተን ስንሄድ እሱ የሚመለሰው ከመምጣቱ በፊት ከነበረበት በታች ሆኖ ነው። እንዲህ ያለው ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ከደረሰበት አራተኛውን እውነተኛ ሥራ አያምነውም፣ አይመጣምም፤ እኛም "ሰነፍ ነው" እንለዋለን።

እናድርግ፦

– የቀን ሠራተኛን ሳይመሽ በዕለቱ እንክፈል፤ ያ ገንዘብ የማታው እራት ነው።

– አንድ ሰው የሚሠራውን የሦስት ቀን ሥራ ለሦስት ሰው በተራ ማካፈል ከቻልን እናካፍል፤ ሦስት ቤት አንድ ቀን ይበላል፣ ሦስት ሰውም በሳምንቱ አንድ ቀን ሠራተኛ ነኝ ይላል።

– የሥራ ወሬ ስንሰማ በዕቁብ፣ በማኅበር፣ በጸሎት ቤትና በቡና ላይ እንናገር፤ የተደበቀ ወሬ የሚጠቅመው ደላላን ነው።

– ለሠራልን ሰው ስሙንና ሥራውን ለሌላ እንመስክርለት፤ በማያውቁት አገር ያለ ሰው የሥራ ማስረጃው የሰው አፍ ነው።

– ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ጋር ነፊር በሚሉት የደቦ ሥራም፣ ተኪያ በሚሉት የጋራ ማብሰያም እንተባበር፤ ከካርቱም ተፈናቅለው የመጡትም እንደኛው ሥራ ያጡ ናቸው፣ አብሮ የሠራ ሰው ነገ "የውጭ ሰው ሥራ ወሰደብን" አይልም።

– ከወዳጅነት የራቀ፣ ምግብ የተወ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል የጀመረ ወይም "እኔ ብሞት ይሻላል" የሚል ሰው ካየን በግልጽ "ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?" ብለን እንጠይቀው፣ ብቻውን አንተወው፣ ወደ ሐኪም እንውሰደው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ዝምታችን ግን ያሳጣናል።

እንተው፦

– "እስካሁን ሥራ አላገኘህም?" የሚለውን ሰላምታ እንተው፤ ካገኘ ራሱ ይነግረናል።

– በግማሽ ዋጋ የሚሠራ ስላለ ብቻ ግማሽ መክፈልን እንተው፤ ችግሩን እያወቅን የተቀነሰ ዋጋ ጎረቤትን ከጎረቤት ያጣላል።

– ሥራ ያጣን ሰው ከሠርግ፣ ከልደትና ከዕድር ጥሪ መዝለልን እንተው፤ ማዋጣት ባይችል ውኃ ይቀዳል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሰው ጋር ይውላል።

– ሰጥተን የሰረዝነውን ቀጠሮ ሳንነግረው ማስጠበቅን እንተው፤ "ቅዳሜ ቀርቷል" የሚል አንድ መልእክት ዛሬ ማታ ከላክን ነገ ጠዋት ሌላ ቦታ ሄዶ መቆም ይችላል።